የሊዮን ኦፔራ ቤት በቴምቢሳ አዳራሽ

መጋረጃ ሻጭ ነኝ። ኦፔራ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፈረንሳይንም አላየሁም፤ ለማየትም አልጓጓም። ግን ሊዮን ስለምትባል የፈረንሳይ ከተማ ኦፔራ ቤት ጠይቁኝ። መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ፣ ለምን እንደፈረሰ፣ ኋላም እንዴት ሆዱ ተዘርግፎ እንደገና እንደተሞላ እነግራችኋለሁ። የማውቀውም አንብቤ ነው። ይቺን «አንብቤ» የምትለዋን ቃል ረጋ ብላችሁ እለፏት። እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ነው ያገኘኋት።

ልጅ ሆኜ ያልተማርኩት ትምህርት ቤት ስላልነበረ አይደለም። ነበረ። አባቴ ከሁለት ወንድ ልጆቹ አንዱን ብቻ ለመላክ ወሰነና ታላቄን መረጠ። ታላቄ ተምሮ ተምሮ ዛሬ ምንም አይሠራም፤ እኔ ሳልማር የእሱን ልጆች በገንዘቤ አስተምራለሁ። ይሄን ባነሳሁ ቁጥር ሰዎች «ምሬትህን ተወው እንጂ» ይሉኛል። ለምን እተወዋለሁ? ማንም አልሰጠኝም፤ የራሴ ነው።

ጆሃንስበርግ ከገባሁም በኋላ ማንበብ እንደማልችል የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ። ያልተማረ ሰው ብልጥ ነው፤ ካልሆነ አይኖርም። ለወረቀት ጉዳይ ስሰለፍ «መነጽሬን ረሳሁት» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ከአገር ቤት በስልክ የሚመጣልኝን መልእክት ደግሞ ቤሪያ በሚባል ሰፈር አብሮኝ ቤት የተከራየ ሰው ያነብልኝ ነበር። በዚያን ጊዜ እህቴ ስለ መጠጥ አጥብቃ ትመክረኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ቢራ ቀንስ፤ አብሮህ የሚኖረውን ሰው ስማው» ትለኛለች። ኋላ ማንበብ ስጀምር እነዚያን መልእክቶች አንድ በአንድ ከፍቼ አየኋቸው። ስለ ቢራ አንድም ቃል የለም። እህቴ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቿ ነበር የምትጽፈው።

ከዚያ ወዲያ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም። ይሄን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ፊደል ያስቆጠረኝ የሱቅ ሸሪኬ ነው። እሱ ስልጤ ነው፣ እኔ ሐዲያ፤ አማርኛ የሁለታችንም የገበያ ቋንቋ ነው። ሱቃችን መሃል ከተማ፣ ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበረ ፎቅ ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ሲወጡ የእኛ ሰው ገባበትና ውስጡን በኮምፔርሳቶ ከፋፍሎ ከላይ እስከ ታች ገበያ አደረገው። የእኛ ክፍል የዓይን ሐኪም ቤት ነበረች። ሰውዬው ሲሄድ ከላይ ትልቅ ሆኖ ወደ ታች እያነሰ የሚሄደውን የፊደል ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ትቶት ነበር። አማርኛውን ሸሪኬ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጽፍልኛል፤ ደንበኛ ሲመጣ ጨርቅ እንጥልበታለን። እንግሊዝኛውን ከዓይን ሐኪሙ ሰሌዳ ጀመርኩ፤ ኋላ ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር የማታ ትምህርት ቤት ገባሁ።

«ትልቁን ፊደልማ ድመትም ታነበዋለች» ይለኛል ሸሪኬ። «ወደ ታች ውረድ፣ ወደ ታች!»

የማታ አስተማሪዬ የምትወዱትን አንድ መጽሐፍ መርጣችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ አለችን። በማግስቱ ታክሲ መያዣው አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት አስፋልት ላይ ከሚዘረጋው ሰው ፊት ቆምኩ። አንዱ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ መጋረጃ አለ። ቀይ ከፋይ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ፣ ከታች ወርቃማ ጥለት ያለው። እጥፋቱን ሳይ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ይሄን ያህል ከባድ ጨርቅ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ ይወርዳል? ማን ሰፋው? ገዛሁት። ቤት ገብቼ በጣቴ እየተከተልኩ ርዕሱን ሳነብ የኦፔራ ቤት ታሪክ ሆኖ ተገኘ። ስለ መጋረጃ ያለው ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ሰውዬው ገንዘብ አይመልስም፤ ስለዚህ አነበብኩት።

በእኔ አፍ እንዲህ ነው። ሊዮን ሁለት ትላልቅ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ነች። በንጉሥ ዘመን የዘፈንና የቴአትር ቤት ሠሩ። ያኔ እንዲህ ያለው ቤት ከቤተ መንግሥት ወይ ከሌላ ሕንፃ ጋር ተለጥፎ ነበር የሚሠራው፤ ይሄኛው ግን ለብቻቸው ከቆሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቆየና አረጀ፣ ጠበባቸውም፣ አፈረሱት። በቦታው ባለ ዓምድና ባለ በረንዳ ሌላ ቤት አቆሙ። ደግሞ በእኛ ዕድሜ እሱም አልበቃ አላቸው። አንድ አርክቴክት መጣና የውጩን ግድግዳና አንድ ያጌጠ አዳራሽ ብቻ አስቀርቶ ውስጡን በሙሉ ዘረገፈው። ወደ ታች ቆፈረ። ወደ ላይ ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጋደመ በርሜል የመሰለ የመስታወት ጣሪያ ደፋበት። ውስጡን ጥቁር ቀባው። ሲመሽ ጣሪያው ቀይ ይበራል።

ይሄን ለሸሪኬ ስነግረው ሜትሩን ጣለና ሳቀ።

«ወላሂ ይሄማ የእኛ ፎቅ ነው! ግድግዳው የድሮ ሰው፣ ሆዱ የአሁን ሰው። ልዩነቱ፣ እነሱ አርክቴክት ጠሩ፤ እኛ አናጢ ጠራን።»

«ሌላም አለ» አልኩት። «ግንባሩ ላይ የድንጋይ ሴቶች ቆመዋል። በድሮ ግሪኮች ተረት ዜማንና ጥበብን የሚጠብቁ እህትማማቾች አሉ። ዘጠኝ ናቸው። እዚያ የቆሙት ግን ስምንት ናቸው።»

«ዘጠነኛዋስ?»

«ለስምንት ነበር ቦታ ያለው። የከዋክብት ጠባቂዋን አስቀሯት።»

«የት ሄደች ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ቴምቢሳ ሱቅ ከፍታ ይሆናል» አለና ሜትሩን አነሳ። ቴምቢሳ ከከተማው ወጣ ያለ፣ የእኛ ሰው ሱቅ የሚከፍትበት የጥቁሮች ሰፈር ነው።

እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን ያቺን ዘጠነኛ ወደድኳት። ከሁለት ልጅ አንዱን የመረጠ አባት አውቃለሁ። የመጽሐፉ መጨረሻም ደስ ይለኝ ነበር፤ የዚያ ኦፔራ ቤት በረንዳ ወለሉ ልስልስ ስለሆነ ቲኬት የሌላቸው የከተማው ወጣቶች ሙዚቃ ከፍተው ይደንሱበታል ይላል። ሃብታሞቹ ውስጥ፣ እነሱ በረንዳው ላይ። ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የቤቱ ታሪክ ውስጥ ገቡ።

አሁን ወደ ቴምቢሳ እንሂድ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጋረጃ ናሙና ተሸክሜ በየቤቱ እዞራለሁ። እዚያ ሁላችንም ስማችን አንድ ነው፤ ማይ ፍሬንድ። ሱቅ ያለውም ማይ ፍሬንድ፣ ብርድ ልብስ የሚያዞረውም ማይ ፍሬንድ። ጓደኛቸው ያደረጉን እንዳይመስላችሁ፤ ስማችንን መጠየቅ ሰልችቷቸው ነው።

አንዲት የቆዩ ደንበኛ አሉኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እኔ እንደ ሰፈሩ ማማ እላቸዋለሁ። የነርስነት ሰዓታቸውን እስከ ዛሬ ደረታቸው ላይ ሰክተው ይዞራሉ። የሰፈሩን የኅብረት መዘምራን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። መዝሙር ብቻ የሚዘምሩ እንዳይመስላችሁ። የታክሲ ሹፌሩ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛው፣ ፀጉር ሠሪዋ ተሰብስበው ኦፔራ ይዘምራሉ፤ ዜማውን ዶ ሬ ሚ እያሉ በፊደል ከተጻፈ ወረቀት ነው የሚያጠኑት። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ስለካ ማማ አንድ ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ።

«ኦፔራ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «አንተ ማይ ፍሬንድ የት ታውቀዋለህ።»

«ዘፈኑን አላውቀውም» አልኳቸው። «ቤቱን ግን አውቀዋለሁ።»

ሜትሩን ከመስኮቱ ሳላወርድ የሊዮንን ታሪክ ነገርኳቸው። ማማ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ዘጠነኛዋ እህት ጋ ስደርስ «ሃይቦ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። እዚህ አገር ሰው ሲገርመውም ሲናደድም ሃይቦ ነው የሚለው።

«ስማኝ» አሉ ስጨርስ። «እስከ ዛሬ በሰው አዳራሽ ነው የዘመርነው። አሁን የራሳችን መድረክ አገኘን፤ መጋረጃ ግን የለውም። መጋረጃውን አንተ ትሠራለህ። በመክፈቻው ዕለት ደግሞ ከመጋረጃው ፊት ቆመህ ይሄን የነገርከኝን ትነግርልኛለህ። ከሚመጣው ሰው ግማሹ ኦፔራ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም።»

«አልናገርም» አልኩ። «አነባለሁ።»

«ለምን ታነባለህ? አሁን እንደነገርከኝ ንገራቸው።»

«ማማ፣ ያልተማረ ሰው ሁሉ መናገር ይችላል። እኔ ማንበብ ነው የምፈልገው።»

በሳምንቱ በእንግሊዝኛ ጽፌ መጥቼ ሳሎናቸው ውስጥ አነበብኩላቸው። ማማ በጨዋነት አዳመጡኝ። የቀዱልኝ ሻይ በረደ። መሃል ላይ ዓይናቸው ደረታቸው ላይ ወዳለው ሰዓት ሲሄድ አየሁ፤ የበሽተኛ ትርታ የሚቆጥሩ ነበር የሚመስሉት።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው። በቀጭን ድምፅ ከሚዘምሩት ከሶፕራኖዎቹ አንዷ ታንብብልህ፤ ቶሎ ቶሎ ታነባለች። ጸሐፊው አንተ እንደሆንክ እንነግራቸዋለን።»

ደሜ ፈላ። ሰው አክብረው እንደተናገሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፈላ።

«ማማ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያነብልኝ ነው የኖርኩት። ይሄን ሌላ ሰው የሚያነብ ከሆነ መጋረጃውንም ሌላ ሰው ይስፋው።»

በሽተኛ መድኃኒቱን አልውጥም ሲል የሚያዩትን አስተያየት አዩኝ።

«አምስት ደቂቃ» አሉ። «ሰው የሚመጣው ዘፈን ሊሰማ ነው። አምስት ደቂቃ ሲያልፍ እጄን አነሳለሁ፤ መዘምራኑ ይጀምራሉ።»

«እኔ እያነበብኩ?»

«አንተ እያነበብክ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይጀምራሉ። ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ወንዶች፣ ባሶቹን አልሰማሃቸውም መሰለኝ። እነሱ ከጀመሩ አንተ ራስህን እንኳ አትሰማም።»

ተስማማሁ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ከማታ አስተማሪዬ ጋር ጽሑፉን መቀነስ ጀመርን። ይሄ ይውጣ፣ ያም ይውጣ። ወንዞቹ ወጡ። የመጀመሪያው ቤት ወጣ። በረንዳው ላይ የሚደንሱት ልጆች ወጡ። አሁንም ረዘመ። በመጨረሻ የዘጠነኛዋን እህት አንቀጽ ሰረዝኩት። ድሮም ቦታ ያጣችውን እኔም ደግሜ አስወጣኋት። በሌላ ወረቀት ግን አልገለበጥኩትም፤ የተሰረዘውም ከነሰረዙ እዚያው ቀረ።

በአምስት ደቂቃ ለመጨረስ በየዕለቱ ሱቅ ውስጥ ቆሜ እለማመዳለሁ። ሸሪኬ ሰዓት ይይዝልኛል።

«ስንት ሆነ?»

«ዙሁር አለፈ» ይለኛል፤ የቀትር ሶላቱን ማለቱ ነው።

መጋረጃውን ሁለታችን ሠራነው፤ ስለ ሥራዬ አልዋሽም፣ እንደዚያ ያለ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ቀይ ከፋይ፣ እንደ መጽሐፉ ሽፋን። ከታች ወርቃማ ጥለት። ሲነኩት እንደ ፈረስ አንገት ነው። ገበሩን ግን ርካሽ አደረግነው። ፋብሪካው የማይፈልገው ጨርቅ ነበር፤ በየሜትሩ በትልልቅ ሰማያዊ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ» ተብሎ ማኅተም ተደርጎበታል። ማን ያየዋል? በእኛ ሥራ መጋረጃ ሲሰቀል ፊቱ ወደ ውስጥ ነው፣ ገበሩ ወደ መስኮቱ። ፊቱን የሚያየው ባለቤቱ ነው፤ ገበሩ ለፀሐይና ለመንገደኛ ነው። ይሄን ለስንት ደንበኛ አስተምሬያለሁ! ገልብጠው የሰቀሉትን ስንቱን አውርጄ አቃንቻለሁ!

በመክፈቻው ዋዜማ ልንሰቅል ስንሄድ የአዳራሹ የፊት በር ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው ሰው አልመጣም። በጓሮ በር ገብተን በቀጥታ መድረኩ ላይ ወጣን። አዳራሹ ጨለማ ነው። መሰላሉም አንድ ብቻ ነው። እኔ እወጣለሁ፣ ሸሪኬ ጨርቁን ያቀብለኛል፣ ቀለበቱን አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ እናስገባለን። ስንጨርስ መዘምራኑ ለልምምድ መጡና መድረኩ ላይ ተሰልፈው መጋረጃውን አዩት። አንዱ ባስ፣ ክንዱ ጭኔን የሚያህል የታክሲ ሹፌር፣ ከፋዩን በጉንጩ ዳሰሰው። ማማ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሁን ቤት ሆነ» አሉ።

እኔና ሸሪኬ በታክሲ ስንመለስ እስከ ከተማ ድረስ ስለራሳችን ነበር የምናወራው።

የመክፈቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቶች በቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው፣ ሽማግሌዎች በኮፍያ፣ ሕፃናት በጭን ላይ። እኔ በጓሮ በር ገብቼ ከመዘምራኑ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሱፍ ለብሻለሁ። ወረቀቴ በእጄ ላብ ርሷል። ሸሪኬ የመክፈቻውን ገመድ ይዟል።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ» አለኝ፣ «ብትወድቅ እኔ አላውቅህም።»

ማማ ወጥተው እንግዶቹን ሰላም አሉና ስለ እኔ ተናገሩ። «ይሄን መጋረጃ የሠራልን ሰው የአንድ ኦፔራ ቤት ታሪክ ያነብልናል» ሲሉ ሰማኋቸው። በመጋረጃው መሃል ሾልኬ ወጣሁ። የመድረኩ መብራት ያኔ በራ፤ ዓይኔ ውስጥ ነው፤ ከእኔ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አላይም። ወረቀቱን ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ጀመርኩ።

ሳቁ ወዲያው መጣ። መጀመሪያ ከፊት ረድፍ፣ ከዚያ ከኋላ። መጥፎ ሳቅ አይደለም፤ ግን ሳቅ ነው። ጆሮዬ ጋለ። በአነባበቤ ነው የሚስቁት አልኩ። አንድ መስመር አነበብኩ፣ ደገምኩት፣ ባሰ። አንዱ ሕፃን በጣቱ ያሳያል። ጣቱ ግን ወደ እኔ አይደለም፤ ከእኔ በላይ ነው። ዞር አልኩ።

ቀዩ ከፋይ የለም። ወርቃማው ጥለት የለም። ከጣሪያ እስከ ወለል አመድማ ጨርቅ ተንጣሏል፤ ላዩ ላይ በሰማያዊ ፊደል «ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ»፣ ከሥሩ «ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ»፣ ከጎኑ «ሁለተኛ ደረጃ ዕቃ»። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በፍጥነት አንብቤ አላውቅም።

ገባኝ። ሁለት መጋረጃ ሻጮች፣ ሁለታችንም ዕድሜያችንን ፊቱን ለባለቤቱ ስንሰቅል የኖርን፣ እዚህም ፊቱን ለባለቤቶቹ ሰቀልነው። ለመዘምራኑ። ተመልካቹን መንገደኛ አደረግነው። የመጽሐፉን ሽፋን ያን ሁሉ ጊዜ ሳየው፣ ፎቶ አንሺው የት ቆሞ እንዳነሳው አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

ከመጋረጃው ጀርባ የሸሪኬ ድምፅ በአማርኛ መጣ። «አንተ ሰውዬ! ገበሩ! ገበሩ ነው ወደ ሰው የዞረው!»

«አየሁት!» አልኩት እኔም በአማርኛ።

«ምን ይሻላል?»

«አውርደህ ገልብጠው!»

«መሰላሉ አንድ ነው እኮ! ቀለበቱ ሁሉ ይፈታ?»

«ይፈታ!»

ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግን አዳራሹ ነገሩ ገብቶት ይንጫጫል። ማማ በመጋረጃው መሃል ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ድንገተኛ ክፍል በሽተኛ ሲገባ ነርስ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነበሩ።

«ባሶቹ መሰላሉን ይዘዋል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ጊዜ እንፈልጋለን። ያን ወረቀት ማንበብ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ቀስ ብለህ?»

«ሌላ አነባበብ አላውቅም» አልኳቸው።

ማማ ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ራሳቸው ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ወደ ሰው ዞርኩ። «መጋረጃውን ገልብጬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የምታነቡት ስለ ጨርቁ እንጂ ስለ መዘምራኑ አይደለም። ተቀመጡ፤ ይገለበጣል። እስከዚያ አነብላችኋለሁ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከተሰረዘውም። ሁለቱን ወንዞች መለስኳቸው። የመጀመሪያውን ቤት ሠራሁት፣ አስረጀሁት፣ አፈረስኩት። ከኋላዬ መሰላሉ ይንቋቋል፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ክንድ ከላይ ይወጣል፣ ቀለበት ይፈታል። አንድ ፊደል ላይ ስቆም ሰዉም አብሮኝ ይቆማል፤ ሳገኘው «የቦ!» ይላል፣ አዎ እንደማለት ነው። ከፊት ረድፍ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ግን ትዕግሥት አጡ።

«ባባ» አሉኝ፣ እዚህ አገር በአክብሮት አባት እንደማለት ነው፣ «ታክሲ እስኪሞላ ስንጠብቅ እንኳ ይሄን ያህል አንቆይም!»

«እርስዎ የሚወርዱበት ገና ነው፣ ባባ» አልኳቸው። አዳራሹ አውካካ፤ እሳቸውም ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን መቱ።

ሸሪኬ በዚያ በኩል በአማርኛ ወሬ ያቀብለኛል። «ግማሹ ወርዷል! አትቸኩል!»

አትቸኩል። በሕይወቴ አትቸኩል ተብዬ አላውቅም። ወረፋ ላይ ቶሎ በል፣ ክፍል ውስጥ ቶሎ በል፣ ስልክ ላይ ቶሎ በል። ሰው ሠርግ ላይ እንዳለ ሽማግሌ ቃሉን እያጣጣምኩ ማንበብ ጀመርኩ። አርክቴክቱን አመጣሁ። ውስጡን ዘረገፍኩ። የመስታወቱን ጣሪያ ደፋሁ። የድንጋይ ሴቶቹ ጋ ደረስኩ።

«እህትማማቾቹ ዘጠኝ ናቸው» ብዬ አነበብኩ። «በቤቱ ላይ የቆሙት ግን ስምንት ናቸው።»

«ሃይቦ!» አሉ አንዲት እናት ከመሃል። «ዘጠነኛዋስ?»

ወረቀቴን አየሁ። ሰረዙ በላይዋ ላይ አለ፤ ፊደሏ ግን ከሥሩ ይነበባል። ያቺን አንቀጽ ማንበብ የጀመርኩት ለእሳቸው ነው። ለስምንት የሚሆን ቦታ እንደነበረ፣ የከዋክብት ጠባቂዋ እንደቀረች፣ ቤቱ ሲፈርስና ሲሠራ ማንም ቦታ እንዳልፈለገላት።

«እኛ ጋ ትምጣ!» አሉ እኚያው ሴት፣ ወንበሩን በእጃቸው እየመቱ። «እዚህ ቦታ አለ!»

ዕልልታው ከዚያ ነው የተነሳው። እኔም ሳቄ መጣ፤ መስመሩ ጠፋብኝ፣ በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት።

እየሳቅኩ ሳለ ከኋላዬ የሆነ ነገር ከበድ ብሎ ወረደ፤ ሰዉ «አሃ!» አለ። ዞሬ አላየሁም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። የሕዝቡ ፊት ሁሉ ቀላ። ከፋዩ ዞሯል ማለት ነው፤ መብራቱ ከእሱ ላይ ይመለሳል። መሰላሉ ሲታጠፍ ሰማሁ። ባሶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማማ ከጎን ብቅ ብለው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝና እጃቸውን አነሱ። ምልክቱ ነው፤ ይበቃል፣ መዘምራኑ ይጀምራሉ።

አንድ አንቀጽ ቀርቶኛል። በረንዳው ላይ የሚደንሱት ልጆች።

«ማማ» አልኩ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አልጨረስኩም።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው ወደ ደረት ሰዓታቸው ሄደ። ከዚያ በሌላው እጃቸው ሰዓቱን ሸፈኑትና ያነሱትን እጅ አወረዱ።

«ባባ ያንብብ» አሉ።

ማይ ፍሬንድ አላሉም።

አነበብኩ። ቲኬት ስለሌላቸው ልጆች፣ ስለ ልስልሱ ወለል፣ ውስጡ ሲዘፈን ደጁ ስለሚደነሰው ዳንስ። በእኔ ፍጥነት። ባሶቹ ከጀርባዬ ሲተነፍሱ ይሰማኛል፤ አንዱም ድምፅ አላወጣም። ገመዱን የያዘው ሸሪኬ ነበር። የመጨረሻዋን ቃል እስክጨርስ አልሳበውም።